በሁለት ደጅ መካከል የቀረ ክስ

አዳማ ውስጥ ጥርሱ የበለዘ ሰው «ወንጂ ነው ያደግኸው?» ተብሎ ቢጠየቅ አይገርመውም። ጥርሱ ግን ቀላሉ ነው። የወንጂን የጉድጓድ ውኃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞች አንገታቸውና ወገባቸው ደርቆ፣ ከጎናቸው የጠራቸውን ሰው ለማየት መላ አካላቸውን ማዞር ግድ ሆኖባቸዋል። ሐኪሞች ፍሎሮሲስ ይሉታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከስኳር ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ የአገዳ እርሻ የከበረ ሲሆን፣ ያቺ አገር ነፃነቷን ስታገኝ ዓይኑን ወደ ሌላ መሬት አዞረ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ የወንጂ ፋብሪካም በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ተመረቀ። የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎች ተከተሉት። ከከምባታና ከሀዲያ አገዳ ለመቁረጥ የመጣው ሕዝብ በእርሻው መሐል በተሠሩ መንደሮች ሰፈረ። የሚጠጣው ከመሬት ሥር በጥልቅ ተቆፍሮ የሚወጣ ውኃ ነበር። የስምጥ ሸለቆው መሬት የእሳተ ገሞራ መሬት ነውና ውኃው ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በወንጂ ከ10 ሚሊ ግራም ያለፈባቸው ጉድጓዶች ነበሩ። አስቦ የመረዘ አለ የሚል የለም። ሕግ ግን የሚጠይቀው ክፋትን ብቻ አይደለም።

ሕጉ ደግሞ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ መስከረም 1 ቀን 1953 በሥራ ላይ ሲውል፣ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሰው የጎዳ ሁሉ ይካስ አለ። አንቀጽ 2069 ደግሞ ከዚያ ይርቃል፦ መርዝ የሚያከማች፣ የመሬትን አቀማመጥ የሚለውጥ ወይም እጅግ አደገኛ የኢንዱስትሪ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ የፈጠረው አደጋ ሰው ላይ ሲደርስ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። በዘመኑ ከብዙ አገር ሕግ የማያንስ ድንጋጌ ነው። ሆኖም እዚያው ምዕራፍ ውስጥ አንቀጽ 2143 አለ። ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ በይርጋ ይታገዳል ይላል። ለመኪና አደጋ ይበቃ ይሆናል። አጥንት ውስጥ ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲጠራቀም ለሚኖር ነገር ግን ሁለቱ ዓመት ከየትኛው ቀን ይቆጠር? ከመጀመሪያው ብርጭቆ ነው ወይስ ወገቡ እምቢ ካለበት ጠዋት?

የወንጂ ሠራተኛ መብቱን ያላወቀ አልነበረም። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከወንጂ የመጡት አብርሃም መኮንን ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 210/1956 የአሠሪና የሠራተኛን ክርክር የሚያይ ቦርድ ሰጠ። ለደመወዝ፣ ለሥራ ሰዓትና ለስንብት ክርክር መንገድ ተገኘ ማለት ነው። የሚጠጣው ውኃ ግን ከደመወዝ ወረቀት ላይ አይነበብም።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ኩባንያውን ወረሰ። ከዚያ ወዲህ ውኃውን የሚያጠጣው፣ ውኃውን የሚቆጣጠረውና ዳኛውን የሚሾመው አንድ አካል ሆነ። እንደ እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ከባዱ ገጽ ይህ ነው፤ የግል ኩባንያ ሲያጠፋ ቢያንስ መንግሥትን «ፍረድልኝ» ማለት ይቻላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የስምጥ ሸለቆውን ፍሎሮሲስ የሚያሳይ ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲያሳትሙ ፋብሪካው የመንግሥት ከሆነ 12 ዓመት አልፎት ነበር። ፍሎራይድ የሚያጣሩ መሣሪያዎች በመንደሮቹ ተተክለዋል፤ ለደረቀ ወገብ ግን ማጣሪያ አይደርስም።

ከወንጂ ሽቅብ አዋሽን ተከትለን ቆቃን አልፈን ሞጆ እንውጣ። የሞጆ ወንዝ የሚገባው በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን የጦር ካሣ በተሠራው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ነው። ሞጆና አካባቢዋ የቆዳ ፋብሪካዎች አገር ናቸው። ቆዳ ሲለፋ ፀጉሩ በኖራና በሰልፋይድ ይነሳል፤ እንደገማ እንቁላል የሚሸተው ያ ነው። ቀጥሎ በክሮም ይነከራል፤ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ቀሪው ፍሳሽ ሳይጣራ ከተለቀቀ ወደ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አልጀዚራ ስለ ቆቃ ባሳየው ዘገባ ሐይቁ አረንጓዴ ሆኖ፣ እናቶች ያንኑ በጀሪካን ሲቀዱ ዓለም አየ። ተመራማሪዎችም በውኃው ላይ መርዝ የሚያመነጭ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ አግኝተዋል። የአልጌው ምግብ ከፋብሪካ ፍሳሽ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከእርሻ ማዳበሪያና ከከተማ ቆሻሻም ይደርሰዋል። ይህም ለእያንዳንዱ አጥፊ ምቹ ነው፤ ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል።

በዚያን ጊዜ ሕጉ ከወንጂ ዘመን ይበልጥ የተሟላ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ብሏል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300 በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ ስለ በካይ አቤት እንዲል ፈቀደ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከሳሽ የራሱን ጥቅም እንዲያሳይ ስለሚያስገድድ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ለአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት ማመልከት፣ 30 ቀን መጠበቅ፣ መልስ ካልተሰጠ ወይም መልሱ ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ።

አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው የመብት ድርጅት በ1990ዎቹ መጨረሻ ሞከረው። የከሰሰው ፋብሪካዎቹን ሳይሆን የአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣንን ነበር፤ የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ሲበከሉ ግዴታህን አልተወጣህም ብሎ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው፤ መከሰስ የነበረበት የበከለው እንጂ ተቆጣጣሪው አይደለም ነበር ምክንያቱ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በካዩን ለመክሰስ አስቀድሞ ተቆጣጣሪው ዘንድ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ተቆጣጣሪው ሲተኛ ደግሞ «ሂድና በካዩን ክሰስ» ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ዐዋጅ ቁጥር 621/2001 ከውጭ አገር ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ አገደ፤ እስኪሻር ድረስ 10 ዓመት ቆየ። ለቆቃ ገበሬ ጠበቃ ሊያቆሙ ይችሉ የነበሩት እነዚያው ነበሩ።

ተቆጣጣሪው ለምን ይተኛል? በ2000 ዓ.ም. መንግሥት በጥሬ ቆዳና ሌጦ የወጪ ንግድ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጥሎ ፋብሪካዎቹ ያለቀለት ቆዳ እንዲያመርቱ ገፋ። ብዙ አምርቱ የሚልና ፍሳሻችሁን አጣሩ የሚል መንግሥት አንድ ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው ድምፅ እንደሚጎላ ለማወቅ የሞጆን ወንዝ ዳር መጎብኘት ይበቃል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ጃፓን ሚናማታ ላይ ቺሶ የተባለው ኩባንያ የለቀቀው ሜርኩሪ ያመጣው በሽታ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። መንግሥት መንስኤውን በይፋ ለማመን 12 ዓመት ፈጀበት፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ግን የኩማሞቶ ፍርድ ቤት ኩባንያውን ኃላፊ አደረገ። እዚያም ቁጥጥሩ ዘገየ፤ ተጎጂው ግን ሌላ ደጅ ነበረው። የአገሩ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚያን ጊዜ የሦስት ዓመት ይርጋን ይቆጥር የነበረውም ተጎጂው ጉዳቱንና አድራሹን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነበር።

ቁጥጥር ይሻላል ወይስ ፍርድ ቤት የሚለው ክርክር ለእኛ አይመጥነንም፤ ሁለቱም ያስፈልጉናል። ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት መከላከል የሚችለው ተቆጣጣሪ ነው፤ ዳኛ የሚደርሰው ከጉዳት በኋላ ነው። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ዝም ባለ ጊዜ ዜጋው በቀጥታ ዳኛ ፊት መቆም አለበት፤ ዝም ያለውንም ባለ ሥልጣን አብሮ መክሰስ መቻል አለበት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንቀጽ 2143ን ያሻሽለው፤ ዐዋጅ 300ንም እንደዚሁ። ቀስ ብሎ ለሚገድል ጉዳት ይርጋው ሕመሙ ከታወቀበት ቀን ይቆጠር።