እምነት አዲስ ማስረጃ ሲገጥመው፦ የዲኬተሩ ሴሚናሪና የ83 ዓመቱ ውሳኔ

ከአትላንታ በስተምሥራቅ የምትገኘው ዲኬተርና አካባቢዋ፣ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ሥፍራዎች መካከል ናቸው። በዚህ የሚያድጉ ልጆች በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ አዳም፣ በመደበኛው ትምህርት ቤት ደግሞ ስለ ዝግመተ ለውጥ ይማራሉ። ሁለቱን እንዴት ማስማማት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ለከተማዪቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ዲኬተር የተዛወረው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የኮሎምቢያ ሥነ መለኮት ሴሚናሪ፣ ቀድሞ በደቡብ ካሮላይና ሳለ በዚሁ ጥያቄ የተነሣ አንድ ታዋቂ መምህሩን አሰናብቷል።

ለማስታረቅ የተቋቋመ ወንበር

መምህሩ ጄምስ ዉድሮው ይባላሉ። በእንግሊዝ ተወልደው በአሜሪካ ያደጉ፣ በጀርመን ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ ቄስና የተፈጥሮ ሳይንስ ምሁር ነበሩ። በ1861 የያዙት የመምህርነት ወንበር የተቋቋመው ሳይንስና መጽሐፍ ቅዱስ እንደማይጋጩ ለማሳየት፣ ሃይማኖትን ለሚነቅፉም መልስ ለመስጠት ነበር።

ዉድሮው መጀመሪያ ላይ ዝግመተ ለውጥን አልተቀበሉም። በግንቦት 1884 ለሴሚናሪው ምሩቃን ባደረጉት ንግግር ግን ማስረጃው ሐሳባቸውን እንዳስለወጣቸው ገለጹ። ኦሪት ዘፍጥረት ሰው ከምድር አፈር መበጀቱን ይናገራል እንጂ እግዚአብሔር ይህን በምን መንገድ እንደፈጸመው አያብራራም የሚል ነበር መከራከሪያቸው። በእርሳቸው እምነት ነፍስ በቀጥታ በእግዚአብሔር የተፈጠረች ናት፤ የሔዋንንም አፈጣጠር እንደ ተለየ ተአምር ይቆጥሩት ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ከተቃውሞ አላዳናቸውም። በ1886 በኦገስታ፣ ጆርጂያ የተሰበሰበው የደቡብ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ፣ የአዳም ሥጋ ያለ ምንም የእንስሳ ዘር በቀጥታ በእግዚአብሔር እጅ የተበጀ ነው ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት ዉድሮው ከሴሚናሪው ወንበራቸው ተነሡ። ከቅስናቸው ግን አልተሻሩም፤ በኋላም የደቡብ ካሮላይና ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ጠቅላላ ጉባኤው የ1886ቱን አቋም የለወጠው ከ83 ዓመታት በኋላ፣ በ1969 ነበር። በዚያ ዓመት በዝግመተ ለውጥና በመጽሐፍ ቅዱስ መካከል ተቃርኖ የለም የሚል መግለጫ አጸደቀ። ዉድሮው ይህን አላዩም፤ በ1907 አርፈው ነበር።

በመማሪያ መጽሐፍ ላይ የተለጠፈ ማሳሰቢያ

ክርክሩ ግን በአንድ ጉባኤ ውሳኔ አልተዘጋም። ከአትላንታ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የኮብ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ፣ በ2002 በሥነ ሕይወት መማሪያ መጻሕፍት ላይ ማሳሰቢያ እንዲለጠፍ አደረገ። ማሳሰቢያው ዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ እንጂ የተረጋገጠ እውነታ አለመሆኑን ለተማሪዎች የሚገልጽ ነበር። በሳይንስ ቋንቋ ግን ንድፈ ሐሳብ ማለት ግምት ሳይሆን በብዙ ማስረጃ ተፈትኖ የጸና ማብራሪያ ነው።

ወላጆች ቦርዱን ከሰሱ። ከመማሪያ መጽሐፉ አዘጋጆች አንዱ የሆኑት ኬኔት ሚለር በከሳሾች በኩል ቀርበው መሰከሩ። ሚለር የሥነ ሕይወት ሊቅ ብቻ ሳይሆኑ የካቶሊክ እምነት ተከታይም ናቸው። የአትላንታው ፌዴራል ፍርድ ቤት በጥር 2005 ማሳሰቢያው መንግሥት ለአንድ ሃይማኖታዊ አመለካከት የወገነ እንደሚያስመስለው ገልጾ እንዲነሣ አዘዘ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2006 ጉዳዩን እንደገና እንዲታይ ቢመልሰውም፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተከራካሪዎቹ በስምምነት ጨረሱት፤ ማሳሰቢያውም አልተመለሰም።

ድንቅነሽና ዓመተ ዓለም

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጥያቄው ሌላም ገጽታ አለው። የባሕረ ሐሳብ ቀመር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመታትን ይቆጥራል። በሌላ በኩል በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። በኦሞ ሸለቆ የተገኙት የዘመናዊው ሰው ቅሪተ አካላትም በ2022 በወጣ ጥናት መሠረት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሁለቱንም በኩራት ያነሣሉ፤ የቀን አቆጣጠሩ የራሳችን ነው፣ ምድሪቱም የሰው ዘር መገኛ ናት ይላሉ። ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ልጆች ማብራሪያ ይጠይቃሉ።

ምእመናን የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶች የቅሪተ አካላቱን ዕድሜ አይቀበሉም። ሌሎች ሳይንስ እንዴት ለሚለው፣ እምነት ደግሞ ለምን ለሚለው ጥያቄ ይመልሳል በማለት ሁለቱን ይለያሉ። እንደ ዉድሮው ያሉት ደግሞ ወደ ቅዱሱ ጽሑፍ ተመልሰው፣ የሚለውንና የማይለውን ለይተው ያነባሉ። አንድን ንባብ “አንድም” እያለ በየፈርጁ የሚተረጉመው የኢትዮጵያ የአንድምታ ትምህርትም፣ ስለ ዝግመተ ለውጥ የተዘጋጀ ባይሆንም፣ አንድ ቃል ከአንድ በላይ ትርጓሜ ሊኖረው እንደሚችል ያስተምራል።

የኮሎምቢያ ሴሚናሪ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ዉድሮውንና ከሳሾቻቸውን የለያያቸው የእምነት መኖርና አለመኖር አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር ቃል መሆኑን ያምኑ ነበር። ያከራከራቸው ቃሉ ስለ አፈጣጠር መንገድ ምን ያህል ተናግሯል የሚለው ነው። ጥያቄውን ያነሣው መምህር ወንበሩን አጣ፤ ጉባኤው ግን በመጨረሻ ወደዚያው ጥያቄ ተመለሰ።