ከመቁረጥ በፊት ማረጋገጥ፦ የሐሞት ቧንቧ ጉዳት ታሪክ

እኛ መሐንዲሶች ስለ ብልሽት ስናጠና አዘውትረን የምንመረምረው ድልድይን፣ ግድብንና ሞተርን ነው። ይሁን እንጂ ስሕተት እንዴት እንደሚፈጠርና በምን ዘዴ እንደሚገታ በግልጽ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ከቀዶ ሕክምና ዘርፍ ይገኛል፤ ይኸውም የሐሞት ከረጢት ሲወጣ በሐሞት ቧንቧ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ታሪክ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሞት ከጉበት መንጭቶ በዋናው ቧንቧ ወደ አንጀት ይወርዳል። ከረጢቱ ማጠራቀሚያው ሲሆን፣ ከዋናው መሥመር ጋር የሚያገናኘው አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ነው። ጠጠር ሲያሠቃይ ከረጢቱ ቢወጣ ሰው ያለ እርሱ ይኖራል። ዋናው ቧንቧ ከተቆረጠ ግን ሐሞት ወደ ሆድ ይፈስሳል፤ ወይም መንገዱ ተዘግቶ ጉበት ይጎዳል።

ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ለማውጣት የመጀመሪያው የሆነው ጀርመናዊው ካርል ላንገንቡክ ሲሆን፣ ይህም በ1882 በበርሊን ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሥራው የሚከናወነው ሆድን በመክፈት ነበር። በ1985 ኤሪክ ሙኸ በጀርመን፣ በ1987 ደግሞ ፊሊፕ ሙሬ በፈረንሳይ በጥቃቅን ቀዳዳዎች መሣሪያ አስገብተው ከረጢቱን አወጡ። ላፓሮስኮፒ የተባለው ይህ ዘዴ ሕመምን የሚቀንስና ሕመምተኛውን ፈጥኖ ወደ ቤቱ የሚመልስ በመሆኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ።

ነገር ግን ጥቅሙ ዕዳ ይዞ መጣ። ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ ከ1000 ሕመምተኞች በ1 ወይም በ2 ላይ ብቻ ይደርስ የነበረው የዋናው ቧንቧ ጉዳት፣ በአዲሱ ዘዴ መጀመሪያ ዓመታት ወደ 5 ገደማ ከፍ አለ። ብዙዎች ምክንያቱን የእጅ ልምድ ማነስ ብቻ አድርገው ገመቱት። ሎውረንስ ዌይና ባልደረቦቹ 252 ጉዳቶችን መርምረው በ2003 ያሳተሙት ጥናት ግን፣ ከመቶ 97ቱ መነሻቸው የዐይን መታለል መሆኑን አስረዳ። ከረጢቱ ወደ ላይ ሲሳብ ዋናው ቧንቧ ከቅርንጫፉ ጋር ቀጥ ብሎ ይሰለፋል፤ ያበጠና የተጣበቀ ሥጋም ድንበሩን ይሸፍናል። ሐኪሙም ዋናውን ቧንቧ ቅርንጫፉ መስሎት፣ አንዳች ሳይጠራጠር ይቆርጠዋል። እንግዲህ እጁ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል፤ የተሳሳተው ትእዛዙ ነው።

መድኃኒቱን አስቀድሞ በ1995 ያመለከተው ስቲቨን ስትራስበርግ ነው። እርሱ እንዳስተማረው፣ ሦስት ነገሮች ሳይሟሉ ምንም አይቆረጥም። አንደኛ፣ በከረጢቱና በጉበቱ መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ከስብና ከጅማት ይጸዳል። ሁለተኛ፣ የከረጢቱ የታችኛው ሢሶ ከጉበቱ ይላቀቃል። ሦስተኛ፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች፣ ማለትም አንድ ቧንቧና አንድ የደም ሥር፣ ብቻ መሆናቸው ይታያል። ይህ ካልተገኘ ሐኪሙ ሌላ ባልደረባ ይጠራል፣ ከረጢቱን በከፊል ብቻ ያወጣል፣ ወይም ሆዱን ይከፍታል። ይህም ሽንፈት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

የዚህ ሕግ ክብደት ይበልጥ የሚታወቀው ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ለሚኖር ሰው ነው። የተቆረጠ ዋና ቧንቧን ከአንጀት ጋር አገናኝቶ መጠገን ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ከባድ ሥራ ነው። በጌዴኦ ደቡባዊ ክፍል ከምትገኘው ከወርቃ የተነሣ የቡና ገበሬ ዲላ ለመድረስ ራሱ መንገድ አለበት፤ ከዲላ አዲስ አበባ ደግሞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለእንዲህ ያለው ሰው ጥገና ማለት የመኸር ወቅት ማለፍ፣ የቤት ጥሪት መሟጠጥ ነው። ስለዚህ ጥገናው በራቀ መጠን ጥንቃቄው መጥበቅ አለበት።

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን የአናጢ ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። የሐሞት ቧንቧ ታሪክ በዚህ ላይ የሚጨምረው አንድ ነገር አለ፦ የሚለካው ዐይን ራሱ ሊታለል ስለሚችል፣ እርግጠኛነት እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባም። ቫልቭ የሚዘጋም ሆነ የኤሌክትሪክ መሥመር የሚያቋርጥ ባለሙያ «አውቀዋለሁ» ከማለቱ በፊት «በምን አረጋገጥሁ?» ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።