የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቅ

የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቅ፣ ገሞራ ፈንድቶ ወይም ተደርምሶ በተወው ጎድጓዳ ስፍራ ውሃ ሲጠራቀም የሚፈጠር ሐይቅ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ የሚያየው ጥቁር ገደል በሙሉ ከገሞራ የወጣ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች በደጋው የሚገኘውን አንድ የባዛልት ንብርብር በዚህ በር ስም ይጠሩታል። ሐይቅ ግን እዚያ የለም።

ምክንያቱ ዕድሜና ተዳፋት ነው። ንብርብሩን ካፈሰሱት ገሞራዎች አንዱ፣ የመገዘዝ ተራራ፣ ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት አልፈውታል። ላቫው በቀላሉ የሚፈስ ስለነበር ሰፊና ጋሻ መሰል ተራራ ሠራ፤ ጫፉንም ዝናብና ጅረት ሸረሸሩት። ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት ደግሞ ምሥራቁ ወገን ተሰንጥቆ ወረደ። በጣርማ በር የሚጥለው ዝናብ መቆሚያ ስለሌለው ከፊሉ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ቁልቁል ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ቢሾፍቱ የተለየ ነው። እዚያ ቅልጥ አለት ወደ ላይ ሲወጣ ውሃ ካዘለ መሬት ጋር ተገናኘ፤ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ መሬቱን ፈነቀለው። አመዱና ስብርባሪው ዙሪያውን እንደ ካብ ተከመረ። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ አረንጓዴ፣ ቂሎሌና የቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ የዚህ ፍንዳታ ልጆች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር እንደሚደርስ ተለክቷል። በአንጻሩ የዝቋላ ሐይቅ በተራራው አናት ላይ ያለ ሲሆን፣ ሻላ የተኛው ገሞራው ባዶ ሆኖ በተደረመሰበት ሰፊ ጎድጓዳ ነው። ጣና ከነዚህ አይቆጠርም፤ እሱን የፈጠረው መውጫውን የገደበው ላቫ ነው።

ጉድጓዱ ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል በታች ከደረሰ ውሃው ከጎን ይሰርግበታል። ካልደረሰ የሚሞላው ዝናብና ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ደቃቅ አመድና ደለልም ቀስ በቀስ ወለሉን ይደፍናል። የውሃው ከፍታ የሚረጋው የሚገባው ከሚተነውና ከሚሰርገው ጋር ሲተካከል ነው። አሜሪካ ኦሪገን የሚገኘውና 594 ሜትር የሚጠልቀው ክሬተር ሌክ ወንዝ ሳይገባበት በዝናብና በበረዶ ብቻ ሞልቷል።

ጣዕሙንም የሚወስነው ይኸው ሚዛን ነው። አዊ ውስጥ፣ እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ብዙ ዝናብ ስለሚያገኝ ውሃው ጨው አልባ ነው። ትነት የሚበረታባቸው የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን መውጫ ስለሌላቸው ሶዳው ይከማችባቸዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተጠልፎ ወደ ቂሎሌ ሲገባ፣ ሶዳማው ውሃ ቀጥኖ በውስጡ የሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ተለወጡ።

በብርድ ወራት የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ሲሰጥም ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ይወጣና በቢሾፍቱ ሐይቆች ዓሣ በብዛት የሚሞትበት ጊዜ አለ። ይህ የተፈጥሮ ነው። ከከተማና ከእርሻ የሚለቀቀው ፍሳሽ ግን ሰው ሠራሽ ነው፤ መውጫ በሌለው ሐይቅ የገባው እዚያው ስለሚቀር፣ ሐይቆቹን የሚያስተዳድሩ ሁሉ ፍሳሹን ከዳር ማስቆም ይገባቸዋል።