የግለሰቡ ገበና ይሸፈን፣ ድምሩ ይታይ

ዕቁብ ጥሎ የማያውቅ ተመራቂ ከመካከላችን ብዙ አይገኝም። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ሁሉም በጸሐፊው መዝገብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ቢትኮይን ይህን የመሰለውን መዝገብ ለዓለም ሁሉ ከፈተው። ስም አይጻፍበትም፤ ግን የአንዱ አድራሻ ባለቤት ከታወቀ በዚያ አድራሻ የሰጠውና የተቀበለው ሁሉ አደባባይ ወጣ ማለት ነው።

ለዚህ የሚሆነው መላ ቀድሞ ተወልዷል። በ1985 ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊና ቻርልስ ራኮፍ፣ ሰው ምስጢሩን ሳያወጣ እውነት መናገሩን ማሳመን እንደሚችል በሒሳብ አሳዩ። ስሙ ዜሮ ኖውሌጅ ፕሩፍ ነው። የልደት ቀንን ሳይናገሩ «18 ዓመት ሞልቶኛል» የሚለውን እንደማስረዳት ያለ ነው።

በኦክቶበር 2016 የተጀመረው ዚካሽ ይህን ዘዴ ለገንዘብ አዋለው። ተጠቃሚው ከፈለገ ላኪው፣ ተቀባዩና መጠኑ ይሸፈናሉ፤ መረቡ ግን ላኪው የሌለውን እንዳልላከ ያረጋግጣል።

ታዲያ በማርች 2018 የኩባንያው ባለሙያ አሪኤል ጋቢዞን ከባድ ጉድለት አገኘ። ያን የሚያውቅ ሰው ከምንም ተነስቶ ሐሰተኛ ገንዘብ መፍጠር ይችል ነበር። የባሰው ነገር ደግሞ፣ ሁሉ የተሸፈነ ስለሆነ ሐሰተኛው ከእውነተኛው አይለይም። ጥቂት ሰዎች ምስጢሩን ይዘው በኦክቶበር 2018 ማሻሻያ ቀዳዳውን ደፈኑት፤ ለሕዝብ የተነገረው በፌብሩዋሪ 2019 ነው። ኩባንያው ሐሰተኛ ገንዘብ የመሠራቱ ምልክት እንዳላገኘ ገለጸ።

መተማመኛው በበር ላይ የሚደረግ ቆጠራ ነበር። ከአሮጌው ሽፍን ክፍል የሚወጣው መጠን በግልጽ ይመዘገባል፤ ከገባው በላይ ሊወጣ ቢሞከር ሐሰቱ ይጋለጣል። የግለሰቡ ሒሳብ ተሸፍኖ፣ የጠቅላላው ድምር ግን ክፍት ሆነ።

ይህ ለእኛም እኮ ይሠራል። የተማሪ መዝገብ ወደ ዲጂታል ሲገባ፣ ተመራቂው ውጤቱን አንድ በአንድ ሳያሳይ መመረቁን ማስረዳት ይችል ዘንድ ይገባል። የተሰጠው ዲግሪ ብዛት ግን በየዓመቱ ለሁሉም ይታይ። ያለዚያ ፎርጅዱ ዲግሪ በዚያው ሽፋን ውስጥ ተደብቆ ይገባል።