የደጋ ቀርከሃ ግንድ ከነሥሩ
አዘና፣ አዊ ዞን

ይህ ከፊትዎ የቆመው ረጅም ፍጥረት ለዓይን ዛፍ ቢመስልም በባሕርዩ ከጤፍና ከስንዴ ወገን የሚቈጠር ሣር ነው። የክረምቱ ዝናም ምድርን ባረሰረሰ ጊዜ ከእናቱ ሥር የሚፈልቀው ቡቃያ፣ የዕድሜ ልኩን ውፍረት ከመሬት ሲወጣ ይዞት ስለሚወለድ፣ በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ ወደ ላይ ብቻ እየተመዘዘ እስከ 20 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው መጠንከር ብቻ ስለሆነ፣ አስተዋይ ባለይዞታ 3 ዓመት ሳይሞላው ስለት አያነሣበትም። የሚያብበው እጅግ አልፎ አልፎ ነውና ዘሩን የሚጠብቅ የለም፤ ገበሬው የሚያባዛው፣ እዚህ እንደሚታየው፣ ለጋውን ግንድ ከነሥሩ ነቅሎ በክረምት መግቢያ በጓሮው በመትከል ነው። አጥሩም፣ የቤቱ ማገርም፣ ቅርጫቱም ከዚሁ ይወጣል።

የዕፀዋት ሊቃውንት ኦልዲያኒያ አልፒና ይሉታል፤ ስሙ የተወሰደበት በታንዛንያ ያለው የኦልዲያኒ ተራራ መጠሪያ በማሳዮች ቋንቋ ቀርከሃ ማለት ስለሆነ፣ ሊቃውንቱ ብዙ ደክመው ቀርከሃን ቀርከሃ አሉት።

የተቈረጠውን ጫፍ ቀርበው ይመልከቱ፤ ውስጡ ክፍት ነው። የቆላው ዘመዱ ሽመል ግን አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው።