ከመኖሪያ ወደ ንግድ፦ የአዲስ አበባ ቦታ አገልግሎት ለውጥ ታሪክ

በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቦታ ወደ ንግድ የሚዞረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ነዋሪው ራሱ የመንገድ ዳሩን ክፍል በሱቅነት ሲከፍተው ወይም ለነጋዴ ሲያከራየው ነው። ሁለተኛው የከተማው አስተዳደር ፕላን ቀይሮ ሰፈሩን ለንግድ ወይም ለቅይጥ አገልግሎት ሲመድበው ነው። በከተማዋ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ነዋሪው ያመጣው ለውጥ ሲሆን፣ ፕላኑ ዘግይቶ ይደርስበታል። ለውጡን የመፍቀድ ሥልጣን ግን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። መጀመሪያ ቦታ በሚሰጠው ቤተ መንግሥት፣ ቀጥሎ በባለርስቱ፣ በወረራው ዘመን በጣሊያን አስተዳደር፣ ከ1967 ወዲህ ደግሞ በመንግሥት እጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ለመኖሪያና ለንግድ ተብሎ የተከለለ ቦታ አልነበራትም። ዳግማዊ ምኒልክ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ሰፊ ቦታ እየሰጡ አሰፈሯቸው። እያንዳንዱ መኰንን ከፍ ካለው ሥፍራ ላይ ቤቱን ይሠራና ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለሙያው ከሥሩ ዙሪያውን ይሰፍራል። ሰፈሮቹ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አሰፋፈር ሲሆን ራስ ሙሉጌታ ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር በመኳንንቱ ስም፣ ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ ቦታ በተሰጣቸው የእጅ ባለሙያዎች ሥራ ተጠሩ። በእንዲህ ያለው ሰፈር መኖሪያና ንግድ አይለያዩም። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ የሚሸጠው ቤተሰቡ በሚኖርበት ጣሪያ ሥር ነው፤ አንጥረኛውም ሆነ ሸማኔው የሚሠራው በግቢው ውስጥ ነው።

ትልቁ ገበያ የነበረው አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ገበያውን የሚያስተዳድረው፣ ቀረጥ የሚያስከፍለውና የነጋዴውን ክርክር የሚሰማው ነጋድራሱ ነበር። በሜዳው ላይ የሚውለው ገበያ ሲመሽ ቢበተንም፣ በዙሪያው ያሉት የመኖሪያ ቦታዎች ቀስ በቀስ የአርመን፣ የግሪክ፣ የህንድና የዓረብ ነጋዴዎች ሱቅና መጋዘን ሆኑ። ለውጡን ያፋጠነው በ1900 ገደማ የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ ነበር። ደንቡ በከተማዋ ቦታን በግል መያዝን፣ መሸጥንና መግዛትን ስላስቻለ፣ ቦታ ከመኰንኑ እጅ ወጥቶ በገንዘብ የሚዛወር ንብረት ሆነ። ገዢው መኖሪያ ይሥራበት ሱቅ የሚወሰነው በራሱ ፍላጎት ነበር። ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ከአራዳ እስከ ባቡር ጣቢያው ለገሀር ያለው መስመር የመደብርና የሆቴል ሰፈር ወደ መሆን አመራ።

መኖሪያንና ንግድን በካርታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በመስመር የለየው የጣሊያን ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 በቆየው አገዛዝ ኢግናዚዮ ጉይዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ አርክቴክቶች ለከተማዋ ፕላን አወጡ። የፕላኑ መሠረት የዘር ልዩነት ነበር፤ ኢትዮጵያውያን በምዕራብ በኩል እንዲሰፍሩ፣ አራዳና አካባቢው ለጣሊያኖች እንዲሆን ይደነግጋል። በዚህ መሠረት የአራዳ ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተዛወረ፤ ዛሬ መርካቶ የሚባለውም እዚያ ተተከለ። መርካቶ ያለበት የአዲስ ከተማ ሰፈር መንገዶች በቀጥታ መስመር እየተቆራረጡ መዘርጋታቸው የዚያ ዘመን ሥራ ነው። የቀድሞው የገበያ ሥፍራ ፒያሳ ሲባል፣ በምሥራቅ በኩል ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች የተሠራው የመኖሪያ ሰፈር ካዛንቺስ ተባለ። ነዋሪው በፕላኑ ላይ አስተያየት የሚሰጥበት መንገድ አልነበረም፤ ከመኖሪያው የተነሣውም በትእዛዝ ነው።

ከነፃነት በኋላ ሰፈሮቹ ለተሠሩበት አገልግሎት ብቻ አልቆዩም። በመኖሪያነት የተጀመረው ካዛንቺስ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ተቋቁሞ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 በአቅራቢያው ሲመረቅ፣ ሆቴልና ቡና ቤት፣ ምግብ ቤትና ቢሮ እየበዛበት ሄደ። በፒያሳ በኩል የነበረው የደጃች ውቤ ሰፈርም ውቤ በረሃ በሚል ስም የምሽት መዝናኛ ሠፈር ሆነ። ቤቶቹ በውስጣቸው ሰው የሚኖርባቸው ሆነው ፊታቸው መጠጥ ቤት ነበር። ለዚህ የማዘጋጃ ቤት የፕላን ለውጥ አላስፈለገም። አብዛኛው የከተማ ቦታ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለነበረ፣ ባለርስቱ ቤት ሠርቶ ለከፈለው ሁሉ ያከራያል። ከነጋዴ የሚገኘው ኪራይ ከኗሪ ከሚገኘው ስለሚበልጥ የመንገድ ዳር ቤት ሁሉ ወደ ንግድ አጋደለ።

በዚሁ ጊዜ መንግሥት ከውጭ አገር በመጡ ባለሙያዎች ተከታታይ ፕላን አሠርቷል። እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ ያቀረቡት ፕላን ቀለበት መንገዶችን፣ የየራሳቸው አገልግሎት ያላቸውን የመኖሪያ መንደሮችና ከከተማው ወጣ ያሉ ትንንሽ ከተሞችን ያካተተ ነበር። ቦልተን ሄነሲ የተባለው ድርጅት በ1951 አሻሻለው። በ1957 ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ማርየን ያዘጋጀው ፕላን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ባቡር ጣቢያው የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና የከተማዋ ዋና የንግድና የአስተዳደር መስመር አደረገው። እነዚህ ፕላኖች የዋና መንገዶቹን መልክ ቀረጹ እንጂ በየሰፈሩ ግቢ ውስጥ የሚከፈተውን ሱቅ አልገዙም፤ ቦታው የግል እስከሆነ ድረስ በተግባር የሚወስነው ባለቤቱ ነበር።

ይህ ሥርዓት ሐምሌ 19 ቀን 1967 አበቃ። በዚያን ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለመሬቱ ካሳ አልተከፈለም። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው፣ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያም እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጠው ተፈቀደ። ቤት ማከራየት ለግለሰብ ተከለከለ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ ዝቅተኛ ኪራይም እንዲቀነስ ተደረገ። ከዚህ በኋላ የቦታ አገልግሎት መለወጥ የንብረት መብት ሳይሆን የመንግሥት ፈቃድ ጉዳይ ሆነ።

ፈቃዱ በመንግሥት እጅ ቢሆንም በየቤቱ የሚደረገው ንግድ አልቆመም። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለረጅም ዘመን ሳይጨምር ስለቆየ፣ ተከራዩ ቤቱን አይለቅም፤ ቀበሌውም ከሚያገኘው ኪራይ ቤቱን ለማደስ አይችልም። በመንገድ በኩል ያለች ክፍል ግን ገቢ ታስገኛለች። እናት ከደጃፏ ላይ ጉልት ትዘረጋለች፤ ልጅዋ መስኮቱን ከፍቶ ስኳር፣ ሳሙናና ሲጋራ በነጠላ ይሸጣል። በመርካቶም የመኖሪያ ክፍሎች ወደ መጋዘንና ሱቅ እየተቀየሩ ከየተራው ጋር ተዋሐዱ። የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ በ1982 ሲታወጅ የተከፈተው የግል ንግድ በብዛት ያረፈው እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው።

የኢጣሊያ የቴክኒክ ድጋፍ የታከለበት ማስተር ፕላን በ1978 ተዘጋጅቶ በ1986 ጸደቀ። በዚያው በ1986 የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ አዋጅ ቁጥር 80/1986 ወጣ። ባለቤትነቱ በመንግሥት እጅ ቀርቶ፣ የመጠቀም መብት በጊዜ ተወስኖ በክፍያ እንዲተላለፍ ተደረገ። ይህ አዋጅ በ272/1994፣ ቀጥሎም በ721/2004 ተተካ። የ2004ቱ አዋጅ ለየአገልግሎቱ የተለያየ ዘመን አስቀመጠ። በአዲስ አበባ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለባህልና ለስፖርት 90፣ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ ደግሞ 60 ዓመት ነው። ስለዚህ ቦታው ከመኖሪያ ወደ ንግድ ሲዞር የሚለወጠው የሚሠራበት ነገር ብቻ አይደለም፤ የሊዙ ዘመንና ዋጋም አብረው ይለወጣሉ። አዋጁ አገልግሎት ለመለወጥ ባለይዞታው ጥያቄ እንዲያቀርብ፣ ጥያቄው ከከተማው ፕላን ጋር ሲስማማም እንዲፈቀድለት ይላል። ከሊዝ በፊት የተገኘ ነባር ይዞታም በውርስ ካልሆነ በስተቀር ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል።

በአሠራር ሲታይ የመኖሪያ ቦታን ለንግድ ለማዋል የሚፈልግ ሰው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ይዞ ወደ ክፍለ ከተማው ይሄዳል። ካርታው ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ ይናገራል። ባለሙያው ቦታው በፕላኑ ላይ በምን እንደተመደበ፣ የመንገዱን ስፋትና የተፈቀደውን የሕንጻ ከፍታ ይመለከታል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ከግንባታ ፈቃድ በፊት የፕላን ስምምነት እንዲገኝ፣ የተሠራ ሕንጻም አገልግሎቱ ሲለወጥ ፈቃድ እንዲወሰድለት ደንግጓል። ንግድ ፈቃድ ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚወጣ በመሆኑ፣ ካርታው መኖሪያ የሚል ቤት በሩ ላይ የንግድ ፈቃድ ተለጥፎበት መታየቱ የተለመደ ነው።

ነዋሪው ራሱ የሚያመጣው ለውጥ ጎልቶ የታየው በቦሌ ነው። ከመሀል ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው ጎዳና ሲከፈት ዳርና ዳሩ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎች የተሠሩበት የመኖሪያ ሰፈር ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ቪላዎቹ አጥራቸውን እያፈረሱ ካፌ፣ የልብስ መደብርና ሬስቶራንት ሆኑ፤ ከዚያም ቪላው ራሱ ፈርሶ ፎቅ ተተካ። በመንገዱ ፊት ለፊት ያሉት ቦታዎች ዋጋቸው ሲንር፣ ከኋላ ያሉት የውስጥ ለውስጥ መንገዶችም ወደ እንግዳ ማረፊያ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና ቢሮ ተለወጡ።

ከ1991 እስከ 1994 የተካሄደው የማስተር ፕላን ክለሳ ይህን ልማድ በደንብ ለመያዝ ሞከረ። ንግድና መኖሪያ በአንድ ቦታ የሚገኙበትን ቅይጥ አገልግሎት በፕላን ውስጥ አስገባ፤ ለተመረጡ ሰፈሮችም የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲወጣ አደረገ። ካዛንቺስ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። የቀበሌ ቤቶች እየፈረሱ ቦታው ለሆቴልና ለቢሮ ሕንጻ ተላለፈ። ልደታም በኋላ ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። በመርካቶ ቦታው ለጨረታ ሊወጣ በተቃረበ ጊዜ ነጋዴዎች በአክሲዮን ማኅበር ተደራጅተው በየተራቸው ፎቅ ለመሥራት ተነሡ። ከንቲባ አርከበ ዕቁባይ በ1990ዎቹ አጋማሽ በየመንገዱ ያስተከሏቸው፣ ሕዝቡም አርከበ ሱቅ ያላቸው ትንንሽ ሱቆች፣ ሥራ ላጣው ወጣት መተዳደሪያ እንዲሆኑ የታሰቡ ነበሩ።

በዚያው ዘመን በተጀመሩት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ፕላኑና ልማዱ ከመነሻው ተገናኙ። የምድር ቤት ክፍሎች በዲዛይኑ የንግድ ቤት ሆነው በጨረታ ይሸጣሉ፤ መኖሪያዎቹ ለተመዘገቡ ሰዎች በዕጣ ይተላለፋሉ። ይሁንና ከላይ ያሉት ክፍሎችም በጊዜ ብዛት የፀጉር ቤት፣ የልብስ ስፌት፣ የቢሮና የመዋዕለ ሕፃናት ቤት ሲሆኑ ታይቷል።

ነዋሪው በውሳኔው ላይ ያለው ድርሻ በሕግ የተደነገገው በአንጻራዊነት በቅርቡ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ቦታ ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 የወጣ ሲሆን፣ እሱን የተካው 1161/2011 ባለይዞታው አቅም ካለው ቦታውን በፕላኑ መሠረት ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ ሰጥቶታል። የዋና መንገድ ዳር ቦታ ዝቅተኛ የፎቅ ከፍታ ስለሚጠየቅበት ግን አቅም ማለት ፎቅ የመሥራት አቅም ነው። ይህን የማይችለው ከባለሀብት ጋር ይሻረካል ወይም ካሳና ምትክ ይዞ ይነሣል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ካርታ ስለሌለው የሚያገኘው ምትክ መኖሪያ እንጂ የመንገድ ዳሩ ክፍል ያስገኝለት የነበረው ገቢ አይደለም።

ከ2009 እስከ 2019 እንዲያገለግል የጸደቀው መዋቅራዊ ፕላን ቅይጥ አገልግሎትን የከተማዋ ዋና መርህ አድርጎታል። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ፒያሳንና ደጃች ውቤ ሰፈርን፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስን አንሥቶ አደባባይ፣ ሰፊ መንገድና አዲስ የንግድ መስመር አውጥቶባቸዋል። ነባር ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ወደሚገኙ መኖሪያዎች ተዛውረዋል። ባለርስቱ ለነጋዴ ሲያከራይም ሆነ ነዋሪው ደጃፉን ሱቅ ሲያደርግ ቤቱ በቦታው ሆኖ ሥራው ብቻ ይለወጥ ነበር። በፕላን የሚመጣው ለውጥ ግን ቤቱን ከነነዋሪው የሚያነሣ ሆኗል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚመነጨው ንግዱ ከየት መጣ ከሚለው ሳይሆን ቦታው በማን እጅ ነው ከሚለው ነው።