ሰባራ ድልድይ፤ የዐባይ ጥንታዊ ድልድይ ታሪክና ወደ ፊት የሚጠብቀው ዕድል

ስም ብዙ ጊዜ ከተሰየመለት ነገር ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ፣ ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ሠፈር ለዚህ ምስክር ነው። የጌታውን ጠመንጃ ተሸክሞ ይከተል የነበረው አሽከር ከቤተ መንግሥቱ ሥርዐት ጋር አልፏል፤ ስሙ ግን ዛሬም በነዋሪው አፍ ይጠራል። ሰባራ ባቡርም እንዲሁ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣችው ባለእንፋሎት መኪና የለችም፣ ስሟ ግን አለ። ጎጃምና በጌምድር በሚዋሰኑበት በዐባይ ሸለቆ ውስጥ፣ ከሞጣ ወደ ሰሜን የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ከእነዚህ የሚለየው ስሙም ነገሩም ገና በመኖራቸው ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ ድንጋዩ ጠፍቶ ስሙ ብቻውን እንዳይቀር ምን ማድረግ እንደሚገባ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት አስቀድሞ የአገሩን አቀማመጥ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዐባይ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ጎጃምን እንደ መቀነት ይከባታል። በበጋ ወንዙ በየመልካው በእግርም በበቅሎም ይሻገሩታል፤ ክረምት በገባ ጊዜ ግን፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ውኃው መንገዱን ይዘጋዋል። ነጋዴ ከገበያው፣ ዘመድ ከዘመዱ፣ ታማሚም ከሐኪሙ ይለያያል። ስለዚህ በዐባይ ላይ ድልድይ መሥራት ለነገሥታቱ ጌጥ ሳይሆን የመንግሥት ጉዳይ ነበር፤ ወንዙን የተሻገረ ጎጃምንም ዳሞትንም ለመግዛት ይችላልና።

የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ የተሠራው ከጢስ ዐባይ ፏፏቴ በታች፣ በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ፣ በ1626 ነው። ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደ ጻፈው፣ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአቅራቢያው በአላታ ወንዝ ዳር ተገኘ፤ ሥራውንም የመራው ከፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ አንድ ባለሙያ ነው። ከዚህ ቃል ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ድልድዩን እንዲቆም ያስቻለው ኖራ ነው፤ ጥሬ ድንጋይን በጭቃ አያይዞ እንዲህ ባለ ኃይለኛ ውኃ ላይ ቅስት ማቆም አይቻልምና። ሁለተኛ፣ ጥበቡ የመጣው በቀጥታ ከፖርቱጋል አይደለም፤ በህንድ በኩል ዞሮ መጥቶ በአገሩ ድንጋይና በአገሩ ሰው ጉልበት ሥራ ላይ ዋለ።

ሁለተኛው፣ ማለት ዛሬ ሰባራ ድልድይ የምንለው፣ በተለምዶ የሚሰጠው ለዐፄ ፋሲል ዘመን ነው (1632–1667)። እዚህ ላይ አንድ የስም ስሕተት ማረም ይገባል። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን ድልድይ «ሁለተኛው የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል። ነገር ግን ዐፄ ፋሲል ሃይማኖተ ተዋሕዶን ወደ ቦታዋ የመለሱ፣ ኢየሱሳውያንንም ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። እንግዲህ ድልድዩ በእርሳቸው ዘመን ከተሠራ፣ ፖርቱጋላዊ ሊባል የሚችለው በጥበቡ ምንጭ እንጂ በባለቤቱ አይደለም። በ1541 ከክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጋር ከመጡት አራት መቶ ወታደሮች የተወለዱት ዘሮች በአገሩ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ የጎንደር ግንቦችም በዚያው ዘመን በኖራ ተሠርተዋል። የተማረውን የራሱ አድርጎ የሠራ ሕዝብ ሥራውን በአስተማሪው ስም ብቻ ሲጠራ መስማት አይገባውም።

ድልድዩ ከ250 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ ስሙን የለወጠው የኢጣልያ ወረራ ነው። በሰፊው እንደሚነገረው፣ በ1935 እና በ1936 በሆነው ጦርነት ጊዜ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የጠላትን ጦር መንገድ ለማሰናከል ቅስቱን ሰበሩት። ከነጻነት በኋላ የተሰበረው አልተጠገነም። የሁለቱ ዳርቻ ሰዎችም በሁለቱ ስባሪ ጫፎች ላይ ቆመው ገመድ ይወረውሩ ጀመር፤ መንገደኛው በወገቡ ታስሮ ከዚህ ጫፍ ወደዚያ ጫፍ ይጎተት ነበር። ከበታቹ ዐባይ አለ። እንዲህ ያለው መሻገሪያ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ቆየ።

የጎታቾቹ ፎቶግራፍ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ከወጣ በኋላ፣ ይህን ያየ አንድ አሜሪካዊ ተነሣሥቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን የበጎ አድራጎት ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ በ2002 በተሰበረው ቦታ ላይ የብረት መሻገሪያ ዘረጋ። ይሁን እንጂ በ2005 የመጣው ደራሽ ውኃ ሥራውን ጠርጎ ወሰደው። በ2009 ከአሮጌው ድልድይ የተለየ፣ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ፤ መንገደኛውም ወደዚያ ዞረ።

ለሕዝቡ ይህ ታላቅ እፎይታ ነው፤ ማንም የታሪክ ወዳጅ ነኝ ባይ በገመድ የሚጎተተውን ሰው እያየ «ጥንታዊው መልክ አይነካ» ሊል መብት የለውም። ለድልድዩ ግን ሌላ አደጋ ይዞ መጣ። ሰው የሚሄድበት ድልድይ ጠባቂ አያጣም፤ ድንጋይ ቢወድቅ የሚያነሣው፣ ዛፍ ቢበቅልበት የሚነቅለው አለ። የማይሄዱበት ድልድይ ግን ባለቤት የለውም። ሥር በድንጋዮቹ መካከል ይገባል፣ የክረምቱ ውኃ ኖራውን ያጥባል፣ የወደቀውንም ድንጋይ ጎርፍ ይወስደዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በዓለም ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች አሉ። በቦስኒያ በሞስታር ከተማ የነበረው የቱርኮች ድልድይ በ1993 በጦርነት ፈርሶ በ2004 እንደ ቀድሞው ሆኖ ተሠራ። በፈረንሳይ በአቪኞን ያለው ድልድይ ደግሞ ከ22 ቅስቶቹ አራቱ ብቻ ቀርተው፣ እንደ ተቆረጠ ተጠብቆ ይታያል። ሞስታር የታደሰው ስብራቱ የበደል ሥራ ስለ ነበረ ነው፤ ሕዝቡ መጠገኑን የዕርቅ ምልክት አደረገው። የሰባራ ድልድይ ስብራት ግን የተለየ ነው። የሰበረው ጠላት ሳይሆን የአገሩ ሰው ከሆነ፣ ስብራቱ ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው፤ ፋሲል ሲሠራ አንድ ምዕራፍ ጻፈ፣ አርበኛው ሲሰብር ሌላ ምዕራፍ ጻፈ። ቅስቱን በአዲስ ድንጋይ ብንሞላው ሁለተኛውን ምዕራፍ እንፍቃለን።

በሌላ በኩል የሚነሣው ክርክር ቀላል አይደለም። «ኢትዮጵያውያን የሠሩትን ኢትዮጵያውያን መልሰው ቢያቆሙት ምን ነውር አለው?» የሚል ይኖራል። መልሳችን ይህ ነው፤ መሻገሪያ በሌለበት ዘመን ክርክሩ ያሸንፍ ነበር፤ ዛሬ ግን መሻገሪያው በሌላ ቦታ ተሠርቷልና፣ አሮጌውን ለመሙላት ግድ የሚል ችግር የለም። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቃል ኪዳንም የጥንት ሐውልት ሲጠበቅ በላዩ የተጻፈው የየዘመኑ አሻራ እንዲከበር ያዝዛል።

ስለዚህ የሚሻለው መንገድ፣ የተሰበረውን እንደ ተሰበረ ማጽናት ነው። የቀሩት ቅስቶች ይለኩ፣ ይነደፉ፣ ፎቶግራፍ ይነሡ። የታጠበው ኖራ በኖራ ይተካ እንጂ በሲሚንቶ አይሁን፤ ሲሚንቶ ከአሮጌው ድንጋይ ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነና ርጥበትን ስለሚያፍን፣ ሊጠግን ገብቶ ድንጋዩን ያፈርሰዋልና። ይህም ሁሉ ከመሆኑ በፊት አንድ አስቸኳይ ሥራ አለ፤ በገመድ የጎተቱትንና የተጎተቱትን ሰዎች ቃል መመዝገብ። ድንጋዩ አንድ ክረምት ወይም ዐሥር ክረምት ይታገሥ ይሆናል፤ የሽማግሌ ትዝታ ግን ያን ያህል አይታገሥም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209 በ2000 ወጥቷል፤ ሕግ እንግዲህ አልጎደለም። የጎደለው ከሕጉ ወደ ሸለቆው የሚወርድ ሰው ነው። ይህን ሥራ ለመጀመር ከወጣት ተማሪዎቻችን የተሻለ የለም፤ በበጋ ወራት ወርደው ይለኩ፣ ይጠይቁ፣ ይጻፉ። ይህ ካልሆነ ሰባራ ድልድይም እንደ ሰባራ ባቡር፣ ተናጋሪው ትርጉሙን ሳያስብ የሚጠራው የቦታ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።